የአባባ መሪ ስንት ላይ ነው?

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሮቤ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰዎች "ምንም ሳልነካው ቆመ" ብለው ያመጡልኛል፤ ስፈታው ውስጡ ሻይ ተደፍቶበታል። ያኔ አፌን የሚይዝልኝ የለም። "ሻይ ደፋሁበት ብትሉኝ እኮ አልበላችሁም! ውሸት ነው የሚያንገበግበኝ!" እያልኩ ቢሮውን አናውጠዋለሁ። እንዲህ የምለው ሴትዮ የገዛ አባቴን ሁለት ወር ሙሉ ዋሸኋቸው።

አባባ ሾፌር ናቸው። "ነበሩ" ብል ይቆጣሉ። ከቤታችን ከጎባ ተነስቶ፣ ሳነቴን አቋርጦ፣ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ላይ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ሲሄዱ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፤ ሲመለሱ የሐረና ቡና። አሮጌዋን አይሱዙ "እሷ" ነው የሚሏት። እማዬ ደግሞ ለቀልድ "ጣውንቴ" ትላታለች። ልጅ ሆኜ መሪዋን ልያዝ ብዬ ስለምናቸው፣ "ሴት ልጅ በመስኮት በኩል ተቀምጣ አገር ትይ፤ መሪ ምን ያደርግላታል?" ይሉኝ ነበር። እኔም አኩርፌ በመስኮት በኩል አገር አያለሁ።

አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሰላት ሲነሱ ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸውን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እግራቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸውም ተመለሰ፤ ግራ እጃቸው ግን እንደ ደነዘዘ ቀረ። ባዶ ብርጭቆ ይይዛል፤ ሻይ ከተቀዳበት ይለቀዋል። ሐኪሙ "ከእንግዲህ መኪና መንዳት አይታሰብም" ሲላቸው፣ "እሺ ዶክተር" ብለው በትሕትና ተሰናበቱት። ቤት እንደገቡ የአይሱዙዋን ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

እሷ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሸራዋን ሲያዩ ይውላሉ። ሰው ሲመጣ "አካም" ብለው ይቀበላሉ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዝም። በየመንገዱ የሚያስቆማቸው ትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ስቆ ነው የሚሸኛቸው የነበረው፤ አሁን ከእሳቸው ወሬ ማውጣት ጭንቅ ሆነ። እማዬ አንድ ቀን ማጀት ውስጥ ክንዴን ያዘችና፣ "አባትሽ እያሉ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ለዐረፋ ሲመጣ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። እማዬ ብርድ ልብስ መስሏት "እሰይ የኔ ልጅ!" ብላ ስትከፍተው የመኪና መሪ ከነፔዳሉ፣ ከነማርሹ ወጣ። የጌም መሪ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይታሰርና ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ይነዳበታል። "ለትልቅ ሰው መጫወቻ?" አለች እማዬ፤ ብርድ ልብሱ እንደቀረባት ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

መጫወቻስ መጫወቻ ነው። ግን ውስጡ ሞተር አለው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅን ይነጥቃል፤ ኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ኩርባ ላይ ይከብዳል። ይሄ መልሶ የሚታገለው ጉልበት ስንት ይሁን የሚለውን ከዜሮ እስከ መቶ መምረጥ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚስተካከለው። ወንድሜ ይሄን አላሰበበትም። ሰማንያ ላይ እንዳለ ትቶት፣ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ከፈተና "አባባ፣ ይሞክሩት እስቲ" አለ።

አባባ መጀመሪያ ኮታቸውን አስመጡ። ያለ ኮት ነድተው አያውቁም። ወንበሩን ቀረብ አድርገው "ቢስሚላሂ" አሉና መሪውን ያዙ፤ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሳይጠመልሉ፣ ከላይ አስተኝተው። የድሮ ሾፌሮች እንደዚያ ናቸው። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪ በድንገት ይዞራል፤ ያኔ ውስጥ የተጠመለለ አውራ ጣት ይሰበራል። ከዚያ ተነሱ፣ ማርሽ ሊቀይሩ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። መሪው የቀረው በግራ እጃቸው ብቻ ነበር። ወዲያው ነጠቃቸው። እጃቸው እንደ እርጥብ ፎጣ ጭናቸው ላይ ወደቀ፣ መኪናው ገደል ገባ።

ወንድሜ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ጌም መስሎት ነው። አባባም አብረውት ሳቁ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው በረንዳ ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳሎን አልገቡም፤ መኝታ ቤት ለመግባት እንኳን በጓሮ በር ይዞሩ ነበር። ኧረ እንዲያ ከማያቸው ያንን መሪ በመጥረቢያ ብፈልጠው በወደድኩ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ተቀመጥኩና የመሪውን ጉልበት ሃያ ላይ አወረድኩት። በአንድ ጣት ይዞራል፤ ቅቤ በሉት። ከዚያ በረንዳ ወጥቼ፣ "አባባ፣ ያ ችኩል ልጅ ብልሽት ያለበትን ነው ያስሞከረዎት። አሁን ሠርቼዋለሁ" አልኳቸው።

"ብልሽት ነበረበት?" አሉ። ፊታቸው ላይ የበራውን ነገር ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር።

"አዎ። ሞተሩ ላይ" አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ወጥቼ፣ በሚኒባስ ከሮቤ ጎባ እስክደርስ አባባ የአስር ሰላታቸውን ሰግደው፣ ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል። ኮምፒውተሩን እኔ ነኝ የምከፍትላቸው። እስከ መግሪብ ይነዳሉ። ወይ ጉድ፣ ያ የጠፋ ድምፅ እንዴት እንደተመለሰ! መንገዱ የየት አገር እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ ኩርባ ስም አወጡለት። "ይቺ የሪራ መውረጃ ናት። እዚህ ጋ ፍሬን ከነካሽ አለቀልሽ፤ በማርሽ ነው የምትያዘው" ይሉኛል። ከፊት ለሚመጣ መኪና ሁሉ ጣታቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ሰላም ይላሉ። የሚመልስላቸው የለም። "ምን ዓይነት ሾፌሮች ናቸው? ሳነቴ ላይ ጎማ ቢፈነዳባቸው ማን ሊቆምላቸው ነው?" ብለው ከልባቸው ይበሳጫሉ።

ሲነዱ ያወራሉ። አንዴ ሳነቴ ላይ ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሳ የመኪናቸው ረዳት ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ እሳቸው ያንን ጋቢ እያዩ እንዴት እንዳሻገሩ ነገሩኝ። ቀይ ቀበሮ መንገድ መሐል ቆሞ ጥሩምባ ሲነፉለት እንዴት እንዳዛጋባቸው ነገሩኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንዱንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እማዬ ከማጀት ሆና ታዳምጥና ብቻዋን ትስቃለች። ግራ እጃቸውም ትንሽ በረታ፤ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ መያዝ ጀመረ። የዚያን ቀን እማዬ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። ጉልበቱን ሃያ ላይ ማውረዴን ለእሷም አልነገርኳትም።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሸራው መሬት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አባባ የአይሱዙዋን መስታወት በጨርቅ ይወለውላሉ። ባትሪዋ ተሞልቶ፣ ጎማዎቿ ተነፍተው ነበር።

"አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ቅዳሜ መና እወርዳለሁ" አሉ፣ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው። "ሐኪሙ የአይሱዙ መሪ ይዞ አያውቅ፤ ምን ያውቃል? አንቺ አይተሻል። ሁለት ወር ነዳሁ፣ አንድም ቀን ጎማዬ ከመንገድ ወጥቷል?"

አልወጣም። ሃያ ላይ ማን ይወጣል? ማጀት ገባሁና ለእማዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ያ የሪራ ገደል ሰው ሲበላ ነው የኖረው። አንቺ ነሽ የምትልኪያቸው?"

"እንዲደሰቱ ብዬ እኮ ነው እማዬ!"

"እኔስ እንዲደሰቱ አልፈልግም?" አለችና እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ወንድሜ ጋ ስደውል "ባትሪውን ፈትተሽ ደብቂው" አለኝ። እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር። ከዚያ የባሰ ሐሳብ ደግሞ እኔው ራሴ አመጣሁ። አርብ ከሥራ እንደገባሁ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ሳልነግራቸው ወደ ሰማንያ ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ። ይወድቃሉ፣ ፈርተው ይተዉታል፣ በሕይወት ይኖሩልኛል። በዚያው ቅጽበት አባባ ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። "ዛሬ መሰናበቻችን ነው፤ ነገ ከእውነተኛይቱ ጋር ነን" ብለው ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉኝ። ትናንት የነዳ እጃቸው ዛሬ ከከዳቸው እኮ በሽታው የተመለሰባቸው ነው የሚመስላቸው። አስተግፊሩላህ! ምን ልሠራ ነበር?

"አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ።

ከመቶ ሃያ ላይ መሆኑን፣ ያኔ ብልሽት እንዳልነበረ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን ገልብጠው መዳፉን አዩት። በር ላይ የቆመችውን እማዬን አዩ። ከዚያ፣

"የእሷስ ስንት ላይ ነው?" አሉኝ።

"የማን?"

"የመኪናዬ ነዋ! ሃያ አይደለም ካልሽ ስንት ነው?"

እኔ ምን አውቃለሁ፣ በመስኮት በኩል ነው የኖርኩት። "አላውቅም አባባ" አልኩ።

"እንግዲያው እናገኘዋለን" አሉና ተቀመጡ።

ቀጥ ያለ ጠጠር መንገድ አስመረጡኝ። ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ደኅናውን ቀኝ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አንቺ መንገዱን እይልኝ፤ ጨምሪ" አሉ። ሠላሳ አደረግኩት። "ይሄ ባጃጅ ነው" አሉ። አርባ። "ሚኒባስ። እሱም ሰው ያልሞላው።" ሃምሳ ሲሆን ቅንድባቸው ተንቀሳቀሰ። "እሷን መሰለች። ባዶዋን፣ አስፋልት ላይ።" ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ። ስልሳ አምስት። መሪው በመዳፋቸው ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤ አባባ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ አሉ።

"እሷ ናት" አሉ። "ቡና ጭና ከሪራ ስትወጣ።"

ሰባ ሳደርገው ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዛ። መልሺው። አሁን ደግሞ በኔ ላይ ልትዋሺ ነው።" ስልሳ አምስት ላይ መለስኩት። አንድ ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ በሐቅ ሲመሰክር አይቼ አላውቅም፤ ቁጥሩ ዝቅ ቢልላቸው ቅዳሜ ይሄዱ የለ? ሃምሳ ላይ "እሷ ናት" ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል?

ከዚያ ያንን "የሪራ መውረጃ" ያሉትን ቁልቁለት አስከፈቱኝ። "ቢስሚላሂ" ብለው ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። ኩርባው ደረሰ፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ማርሽ ሄደ፣ መሪው ከግራው አመለጠ። ገደል። "ድገሚው" አሉ። ደገምነው፤ ገደል። በሦስተኛው ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት፤ ያዘላቸው፣ ያዘላቸው፣ እማዬ "ያ አላህ" ስትል ሰማኋት፣ ከዚያ መሪው በኃይል ዞረና አባባ "አህ!" ብለው እጃቸውን ሳቡ። አውራ ጣታቸው መሪው ውስጥ ተይዞ ነበር። ጠምልለው አስገብተውታል።

እማዬ ሮጣ መጥታ እጃቸውን ያዘች። አልተሰበረም፣ ቀልቷል እንጂ። አባባ ግን ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል ያዩታል።

"አስገባሁት" አሉ በቀስታ። "አርባ ዓመት ሙሉ አስገብቼ አላውቅም። ሲያቅተኝ አስገባሁት።"

አባባ በቀኝ እጃቸው ክሩን ከአንገታቸው አወጡና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ መሪው አጠገብ አስቀመጡት። "ቅዳሜ አልሄድም" አሉ ለእማዬ። እኔ ያን ጊዜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ቢሮ አናውጣለሁ የምለው ሴትዮ እንደ ሕፃን። አባባ ለብዙ ጊዜ አላባበሉኝም፤ የራሳቸውም እንባ ጢማቸው ላይ ነበር።

በመጨረሻ "በቃሽ" አሉኝ። "ስልሳ አምስት አይደል ያልሽው?"

"አዎ አባባ።"

"እንዳትረሺው። ነይ ተቀመጪ።"

"የት?"

ወንበራቸውን ለቀው ቆሙ። "ባለቤት አልባ ልተዋት ነው እንዴ? ተቀመጪ እንጂ!"

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ኩርባ ሳልደርስ ገደል ገባሁ። ክንዴ ተገነጠለ። "ለጀማሪ ትንሽ ልቀንሰው?" ስላቸው "ላኪ!" ብለው ጮሁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። አባባ በጣም ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ ነው የሚገቡት። "ዳግመኛ ይሄን መሪ ስትቀንሺ እንዳላይሽ! አውራ ጣትሽን አውጪ!" አሉኝ። በዚያው በደነዘዘው እጃቸው፣ ቀስ ብለው፣ አውራ ጣቴን ከመሪው ውስጥ አወጡልኝ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሮቤ የመንጃ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ፤ ማታ ማታ ሳሎን ገደል እየገባሁ አባባ እየሳቁብኝ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ያዝኩ። የቁልፉን ክር እሳቸው ናቸው አንገቴ ላይ ያጠለቁልኝ። እማዬ "ጣውንቴን ለልጄ አወረሷት" ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ባለፈው የእረፍት ፈቃዴ አባባን መና ይዣቸው ወረድኩ። በመስኮት በኩል ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ስንሄድ ብዙም አላወሩም፤ ከፊት ለሚመጣው ሁሉ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ እዚህ ሁሉም ይመልስላቸዋል። አንዱ ሾፌር አውቋቸው ጥሩምባውን ለረጅም ጊዜ ነፋላቸውና አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እስኪሰወር ሸኙት። ስንመለስ ቡና ጭነን ነበር። ከሪራ በላይ ያለውን ዳገት ስጀምር ድንጋዩ ጎማውን መታ፣ መሪው እጄን ጎተተኝ፣ ያንን ጉልበት መዳፌ ወዲያው አወቀው።

"ስንት ላይ ናት?" አሉኝ አባባ፣ ፊቴን እያዩ።

"ስልሳ አምስት" አልኩ። በደስታ ጭናቸውን መቱ።

አናቱ ላይ ስንወጣ ጭጋግ ያዘን። የጅባራ ተክሎቹ በግራና በቀኝ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ነፋሱ ጋቢናውን ይገፋል። ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም። አባባ ጠጋ አሉና ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንስተው መሪው ላይ፣ ከኔ እጅ አጠገብ አስቀመጡት። አውራ ጣታቸው ወደ ውጪ ነው። እንደዚያ ሆነን ረጅም መንገድ ሄድን።

"እረዳሁሽ?" አሉኝ ቆይተው።

ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ እጁን አዳመጥኩት። መሪው ላይ ከማረፍ በቀር ምንም ጉልበት አልነበረውም።

"አይ አባባ፣ አልረዱኝም" አልኩ። "ግን አያንሱት።"